ወደ ታች የምታይ ቀስት

ደወል ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አሳረፈች፤ ክስ እንደሚያሰማ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አጠቃላይ ፕሮቲን፣ አራት ነጥብ ስድስት» አለች። «አጠገቡ ቀስት አለ። ቀስቷ ወዴት ነው የምታየው?»

«ወደ ታች» አለ ወንድሟ።

«አልቡሚን፣ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። የዚህስ ቀስት?»

«እሷም ወደ ታች ነች። አይተነዋል እኮ።»

«አንተ አይተሃል። እሷ ትየው!» ብላ ወረቀቱን በሩ ላይ ወደ ቆመችው ልብስ ሰፊ አዞረችው።

ልብስ ሰፊዋ የሟች ወንድማቸው ሚስት ናት። ባሏ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ከቤቱ አልወጣችም። የባሏ አባት፣ አባባ፣ «አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልነታረክ?» ብለው አስቀሯት። ከመንገድ በኩል ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዋን ተክላ የሰፈሩን ሱሪና ቀሚስ ትሰፋለች፤ ከመኪናው ስትነሳ አባባን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። እንዲህ ሲኖሩ የመጣባቸው ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሁለቱም የአባባ ልጆች መጥተው ሳሎኑ መሀል ተቀምጠዋል፤ ወንበር ያላት ማን እንደሆነች፣ የቆመችው ማን እንደሆነች ለማንም ግልጽ ነው።

«ደወል» ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ስትሠራ ተማሪዎች የለጠፉባት ነው። ጡረታ ስትወጣ ደወሉ ትምህርት ቤት ቀረ፣ ስሙ ግን አብሯት ቤት ገባ። ፊት ለፊቷ የሚጠራት የለም፤ ከጀርባዋ ሌላ ስም ያላት አይመስልም። ታናሿ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሰው ጋር ክርክር ከሚገጥም መንገድ ቢዞር የሚመርጥ።

ደሙ የተቀዳው ሰፈር ካለው ክሊኒክ ነበር። የአባባ እግር አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው ሾፌሩ ወሰዳቸው። ውጤቱን በመስኮት የሰጠው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ፕሮቲን አንሷቸዋል፤ ፕሮቲን ያው ከምግብ ነው የሚገኘው፤ ለማንኛውም የሆስፒታል ሐኪም ይየው» አለ። ከሦስቱ ቃል ደወል ጆሮ ውስጥ የገባው የመሀሉ ብቻ ነው።

«ከምግብ ነው ብሏል ባለሙያው! አባቴን ምንድን ነው የምታበያቸው አንቺ? ክር?»

«እትዬ፣ የሚበሉትን ያውቃሉ እኮ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ምስር፣ ማታ ደግሞ ያማራቸውን…»

«እንቁላሉን ማን በላው ታዲያ? እንቁላል የበላ ሰው ደሙ እንዲህ ይራቆታል? ቁጥር ይዋሻል?»

«እበላለሁ እኮ» አሉ አባባ ከጥግ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ሁለት የተነፋ ትራስ እንደሚያይ ሰው ያዩታል።

«እርስዎ ዝም ይበሉ አባባ። ፈርተዋት ነው።»

«እኔ? አርባ ዓመት የሰው መኪና ሥር የተኛሁት መካኒክ መርፌ የያዘች ሴት ልፈራ?»

የሳቀላቸው የለም።

«እግራቸውን እዩት!» አለች ደወል። «የረሃብ እብጠት ይሄ ነው። እኔ በትምህርት ቤት ስንቱን ሕፃን አይቻለሁ። እግሩ ይነፋል፣ ፊቱ ይነፋል፣ ያየው ሁሉ ጠግቧል ይላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።»

ይህቺ ቃል ልብስ ሰፊዋን ከስድቡ ሁሉ ይልቅ አገኘቻት። እውነት ነውና፤ ወፍረዋል ብላ ነበር። የአባባን ሱሪ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ፈትታ አስፍታለች። ሁለተኛውን ጊዜ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «አባባ፣ ምግብ ተስማማዎት፣ ተመስገን!» ብላ ፈጣሪዋን አመስግናለች። አሁን ያ ምስጋና አሳፈራት። ምናልባት እውነት አስርቤያቸው ይሆን? ሰው ሳያውቅ ሰው ያስርባል?

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ፍርዱን ተናገረ። «የሆስፒታል ቀጠሮ ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ አሥር ቀን ነው። ሐኪም በሽታ ነው ካለ፣ እሰየው። ረሃብ ነው ካለ ግን… አባባ እህቴ ቤት ይሄዳሉ፣ ይሄ ቤት ይዘጋል። አንቺም ያው መኪናሽን ይዘሽ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ይዛ የትም ልትሄድ ትችላለች። ሽማግሌ ያስራበች የሚል ስም ይዛ ግን በየትኛው ደጅ ትቀመጣለች? ማን ጨርቁን ያምናታል? «አንተ ታውቃለህ» አለች በልቧ፤ የምትለው ለሾፌሩ አልነበረም።

በማግስቱ ደወል ሦስት ድስት፣ አንድ ሻንጣና የራሷን ቢላዋ ይዛ ገባች።

«ከዛሬ ጀምሮ ማድቤት እንዳትደርሺ» አለች። «እኔ ራሴ ሰው አደርጋቸዋለሁ።»

የአጥንት መረቅ ጠዋት፣ የአጥንት መረቅ ማታ። መሀል ላይ ቋንጣ። እንቁላል በአራት በአራት። መረቁ ለአባባ ምላስ እንዲጥም ጨው በእፍኝ ይገባል። አባባ መጀመሪያ ሁለት ቀን በደስታ በሉ፤ በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን በክርናቸው ገፋ ማድረግ ጀመሩ። «ያረጀ ሞተር ውስጥ ይሄን ሁሉ ዘይት አይጨምሩም» ቢሏት፣ «ይጠጡ!» አለቻቸው በሠላሳ ዓመት የተቆጣጣሪነት ድምፅ፤ ጠጡ።

ለልብስ ሰፊዋ የቀረላት ሥራ አንድ ነበር፤ ፖፖውን መድፋትና ማጠብ። እሱን ማንም አልተሻማትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ደወል መታጠቢያ ቤት በር ላይ ጠበቀቻት። «ነይማ፣ ነይ እዚህ! ይሄ ምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ አየች። ፖፖው ውስጥ ሽንቱ ላይ ነጭ አረፋ ተኮፍሶ ተቀምጧል።

«ሳሙና ነው!» አለች ደወል። «ዕቃ አጥቦ ማለቅለቅ እንኳ አቅቶሻል። በዚህ ሳሙና የሽማግሌ ገላ ቢቃጠልስ? ወይ እናትሽ፣ ምን አስተማሩሽ!»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። እሷም ራሷ ሳሙና ነው ብላ ነበር። እንደ ሙያ ጓደኞቿ ሁሉ ጨርቅ የምታሰምረው ባለቀ የልብስ ሳሙና ስባሪ ነው፤ በቀጭኑ ተሞርዶ እንደ እርሳስ ይጽፋል፣ ሲታጠብም ምልክት አይተውም። የሽርጧ ኪስ ከሳሙና ስባሪ ጎድሎ አያውቅም፤ ጣቶቿም ሁልጊዜ እንደነጡ ናቸው። አረፋውን ከወራት በፊት ስታየው፣ «ይሄ የእጄ ጣጣ ነው» ብላ አፍራ ደፋችው። ሁለት ጊዜ ማለቅለቁን ሦስት አደረገችው። አንድ ቀን እንዲያውም ሳሙና ጨርሶ ሳትነካ በአሸዋና በውኃ ብቻ ፈትጋ አጠበችው፤ በነጋታው አረፋው እንደተለመደው ተኮፍሶ ጠበቃት። ያኔም በራሷ ጣቶች ፈረደች። ሰው በደሉን ከለመደ ያልሠራውንም ይቀበላል።

«አጥበዋለሁ፣ እትዬ» ብቻ አለች።

ሐሙስ ሲደርስ የአባባ እግር ከቀድሞው ብሶ ነበር። ቆዳው ተወጥሮ ያበራል፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ደወል ግን አልደነገጠችም። «ረሃቡ እየወጣ ነው» አለች፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላስረዳችም።

በሆስፒታሉ መተላለፊያ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አባባ መሀል፣ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ። ለልብስ ሰፊዋ ቦታ አልተረፈም፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ደወል ከጎኗ ላለች ለማታውቃት ሴት ታወራለች፤ ድምጿ ግን የተነጣጠረው ወደ ግድግዳው ነው።

«ሰው ባዳ አስጠግቶ አባቱን ይሰጣል? እኛ ሰጠን። ያውልሽ፣ ባዶ ጣሳ አስመስላ አመጣችልን።»

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«እንግዲህ ተይ» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ዝም በል! አውቶቡስ ሲነዱ ነው ዝም የሚባለው ወይስ አባት ሲራብ?»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ድካም አለ፣ ዓይኗ ግን አልተኛም። ወረቀቱን አየች፣ የአባባን እግር ጫን አድርጋ አየች፣ የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አደረገች። ደወል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክሷን አቀረበች። ሐኪሟ ሳታቋርጣት ሰማችና ወንበሯን ወደ ሁሉም አዞረች።

«ይሄ ምርመራ ደም ውስጥ ስንት ፕሮቲን እንዳለ ነው የሚቆጥረው» አለች። «ሁለት ትልልቅ ወገን አለው። አንደኛው አልቡሚን ነው፤ ጉበት ይሠራዋል፣ ሥራው ውኃውን ደም ሥር ውስጥ ይዞ ማቆየት ነው። እሱ ሲያንስ ውኃው ያመልጥና እግር ላይ ይጠራቀማል። ሌላኛው ግሎቡሊን ነው፤ ብዙው በሽታ የሚከላከል ነው። እሱ የአባባ ደህና ነው። የወረደው አልቡሚኑ ነው፤ ድምሩንም ያወረደው እሱ ነው።»

«በረሃብ!» አለች ደወል።

«በረሃብ ሊሆን ይችላል።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ያዘች።

«ጉበት ታሞ አልሠራም ብሎም ሊሆን ይችላል» ሐኪሟ ቀጠለች። «በደንብ ተሠርቶ በሌላ በኩል እየፈሰሰም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ መጉደሉን ነው የሚነግረን፤ የት እንደሄደ አይነግረንም። እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሳምንት» አለች ደወል።

«ወር ይሆነዋል» አለ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። የደንበኞቿ ልክ የሚጻፍበት ነው፤ ቀን ሳትጽፍበት ለክታ አታውቅም። ገጹን ፈልጋ ጣቷን አሳረፈች። «ከስምንት ወር በፊት ሱሪ ስሰፋላቸው ቁርጭምጭሚታቸው ሃያ አራት ነበር። ከአምስት ወር በፊት ሃያ ስድስት ሆኖ አሰፋሁት። ከሁለት ወር በፊት ሃያ ስምንት ተኩል። ዛሬ ጠዋት ለካሁ… ሠላሳ አንድ።»

ሐኪሟ ደብተሩን ተቀብላ ቁጥሮቹን ገለበጠች። «እንዲህ ያለ ነገር ይዞልን የሚመጣ ሰው አይገኝም» አለች።

«አያችሁ! አያችሁልኝ!» ደወል ከወንበሯ ተነሳች። «ስምንት ወር ሙሉ አባቴ ሲነፋ በሜትር እየለካች ስትመዘግብ ነበር! ዶክተር፣ ይቺን ሴት አያውቋትም። ምግብ አታውቅ፣ ጽዳት አታውቅ! ሌላው ቢቀር የሽንት ዕቃቸውን እንኳ አጥባ ማለቅለቅ አይሆንላትም፤ በየጠዋቱ ሳሙናው አረፋ ሠርቶ ነው የማገኘው!»

የሐኪሟ ብዕር ቆመ።

«ምን አሉ?»

ደወል ሰሚ ያገኘች መስሏት ቃሏን አደመቀችው። «አረፋ ነዋ! ነጭ አረፋ፣ እንዲህ ተኮፍሶ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አሥር ቀን ሙሉ!»

«አይጠፋም አረፋው? ቢቆይም?»

«ምን ይጠፋል! ሳሙናው መዓት ነው።»

ሐኪሟ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «አንቺስ አይተሽዋል? ከመቼ ጀምሮ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ስድስት ሰባት ወር ይሆነዋል። እጄ ላይ ሳሙና አይጠፋም፣ የሥራዬ ጠባይ ነው… ሦስቴ አለቀልቀዋለሁ። አንድ ቀን ሳሙና ሳልነካ በአሸዋ አጥቤው ነበር፤ ያኔም ነበረ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች ሐኪሟ። ከመሳቢያ የታሸገ ንጹሕ ኩባያ አወጣች። «አባባ፣ እዚህ ላይ ሽንት ይስጡኝ።»

«እኔ እይዘዋለሁ!» ደወል ኩባያውን ቀማች። «እሷ እንዳትነካው። ምን እንደምትጨምርበት አይታወቅም።»

አባባን ደግፋ ይዛ ሄደች። ሲመለሱ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው፤ ፊቷ ግን ስትሄድ የነበረው ፊት አልነበረም። ሽንቱ ላይ ነጭ አረፋ ተቀምጧል። ማንም ያላጠበው፣ ከፕላስቲኩ ገና የወጣ ኩባያ ነው።

«ኩባያው… ፋብሪካ ላይ ሳሙና ነክቶት ይሆናል» አለች፤ ድምጿ ግን የደወል ድምፅ አልነበረም።

ሐኪሟ ኩባያውን ወደ ላቦራቶሪ ላከችው፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ። አንዲት ዝንብ እንኳ ብትገባ ደስ ባላቸው። ወረቀቱ ሲመለስ በዚህኛው ላይ ቀስቷ ወደ ላይ ነበር የምታየው።

«እዚህ ነው ያለው የጠፋው ፕሮቲን» አለች ሐኪሟ። «ሽንት ውስጥ። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው፤ ቆሻሻውን ያሳልፋል፣ ፕሮቲኑን ያስቀራል። የአባባ ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቷል። አረፋውም ሳሙና አይደለም፤ የወጣው ፕሮቲን ነው። ለምን እንደሰፋ የኩላሊት ሐኪም ይመረምራል፤ ሕክምና አለው። ማብላት ብቻውን ግን አይሞላውም።»

አባባ ከጥግ ሳሉ ሳቁ፤ ከአሥር ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። «ራዲያተሩ ያፈሳል በይና! እነዚህ ደግሞ ውኃ ቅዱበት፣ ቅዱበት እያሉ ሲጣሉ ከረሙ። ሥር ገብቶ ያየ የለም።»

«እንደሱ ነው አባባ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሰሞኑን እብጠቱ በጣም ጨምሯል። ጨው ይበላሉ?»

ሾፌሩ ኮፍያውን አየ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ልትከፍት ትችል ነበር፤ አሥር ቀን የተጠራቀመ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«መረቅ ጠጥተዋል» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ። «ብዙ መረቅ።»

«ጨው ያለበት?»

«ጨው የሌለው መረቅ ማን ይጠጣል!» ብላ ደወል ፈነዳች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሰው ቁጣ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ፈለገና የለመደውን አገኘ። ጣቷን ወደ ልብስ ሰፊዋ ዘረጋች። «ታዲያ ይቺ ሴት ሰባት ወር ሙሉ አረፋውን በየቀኑ እያየች ለምን ዝም አለች? ሰባት ወር! ይሄስ ጥፋት አይደለም?»

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«የወራቱ ዝምታ የኔ ድንቁርና ነው፤ አልክድም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሳሙና ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

ሐኪሟ ጽሑፏ ላይ አቀረቀረች። የውኃ ማስወጫ መድኃኒት ጻፈች፤ ጨው ከለከለች፤ ለኩላሊት ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ደብተሩን ለልብስ ሰፊዋ መለሰችላት። «በየጠዋቱ በዚሁ ሜትር፣ እዚያው ቦታ ላይ ለኪልኝ። አረፋውንም እያየሽ ጻፊው።»

ሲወጡ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መኪናው ውስጥ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ መስተዋቱን ካስተካከለ በኋላ፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ «ድስቶችሽን ዛሬውኑ አደርስልሻለሁ» አለ። እህቱን ነበር ያላት። ፍርዱ ይህ ነበር፤ ከዚህ በላይ ቃል ከሱ አይወጣም። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ የምታመሰግነው ሾፌሩን አልነበረም።

ደወል ሻንጣዋን ስታስር የማድቤቱን መዝጊያ ሁለት ጊዜ ደረገመችው። የጨው ዕቃውን ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ጮኸ።

«ስንት ሆነ?» ሰላምታ የለም።

«ሠላሳ ተኩል፣ እትዬ።»

«ጠበቅ አድርገሽ ለክተሽ ይሆናል።» ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

በየጠዋቱ እንዲያ ሆነ። ሠላሳ። ሃያ ዘጠኝ። «ከእንቅልፍ ሲነሱ ነው የለካሽው፤ ያኔ ማንም ይቀንሳል።» ሃያ ስምንት ከግማሽ። በስምንተኛው ቀን ደወል፣ «ያ ሜትርሽ አርጅቷል» አለች። «የቆየ ሜትር ይሳባል፤ የተሳበ ሜትር ደግሞ አሳንሶ ነው የሚለካ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። እውነት ነው። ግን ይህን ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ማንም አያውቀውም። ደወል አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዳ፣ ቆማ፣ ጠይቃ ነው የመጣችው፤ እሷን የምትከስበት ስትፈልግ።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ከነፕላስቲኩ የተጠቀለለ አዲስ ሜትር ይዞ መጣ። «ላከችልሽ» አለ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ አድርጎ። «በዚህ ትለካ ብላለች።»

«ሁለቱንም አምጪው» አሉ አባባ እግራቸውን እየዘረጉ። «መለኪያ ጌጅ የሚፈተሸው በሌላ ጌጅ ነው።»

በነጋታው በሁለቱም ለካች። በአሮጌው ሃያ ሰባት ተኩል፣ በአዲሱ ሃያ ስምንት። ደጋግማ ለካች፤ ያው ነው። አሮጌው ሜትር በእርግጥ ተስቦ ነበር። አዲሱን ቁጥር ጻፈች፤ አሮጌውን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስገባች። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱንም አንድ በአንድ ነገረቻት።

«አላልኩም!» የደወል ድምፅ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። «አላልኩም ነበር! ሁሌ እንደሸረፍሽ ነው።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ በእርስዎ ሜትር ነው የምለካ።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፤ «ጫማቸው ገባ።»

ከወዲህ በኩል አባባ ጫማቸውን ሲሚንቶው ላይ ኳ፣ ኳ እያደረጉ ይሞክሩታል። ልብስ ሰፊዋ ደወል ስልኩን የዘጋችው መሰላት፤ ትንፋሽ ግን ይሰማል።

«የትኛው?» አለች ደወል።

«የቀኙ።»

«የግራውስ?»